ሥራ የበዛበት አባትና የልጆች ትምህርት፤ ከራስ መኰንን ሕይወት የተወሰደ ምክር



ልጆችን ማሳደግ እግዚአብሔር ለሰው ከሰጠው አደራ ሁሉ የሚበልጥ መሆኑን የማይናገር ወላጅ የለም። ነገር ግን ይህን የሚናገረው ሰው፥ ሲመሽ ከሥራው ደክሞ ሲገባ፥ ልጁም ደብተሩን ይዞ ሲቀርብ፥ ለነገ ያቆየዋል። ነገም ባዶ እጁን አይመጣም፤ የራሱን ሥራ ተሸክሞ ይመጣል። እንዲህ እየሆነ ሳምንቱ ወር፥ ወሩም ዓመት ይሆናል፤ ልጁም ሳይጠብቀን ያድጋል።

እኔም ከእነዚህ ወላጆች አንዱ ነበርሁና በሌላው ላይ ለመፍረድ አልጽፍም። በ2012 ዓ.ም. በመጋቢት ወር የኮሮና በሽታ ወደ አገራችን በገባ ጊዜ ትምህርት ቤቶች ሁሉ ተዘጉ። ቀድሞ የመናገሻ አውራጃ ይባል በነበረው አገር፥ በሰበታና በቡራዩ በሱሉልታም የምንኖር ሰዎች፥ ልጆቻችንን ለአስተማሪ ትተን ማልደን ወደ አዲስ አበባ ወደ ሥራችን መውረድ ለምደን ነበር። ድንገት የአስተማሪው ሥራ በእኛ ላይ ወደቀ። ሦስት ልጆቼን በአንድ ገበታ ዙሪያ አስቀመጥኋቸው። ታላቁ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ነበረ፤ መካከለኛይቱ የሦስተኛ፤ ታናሹ ግን ገና ፊደል የሚቆጥር ነበረ። ጊዜ ስላልነበረኝ ሦስቱንም በአንድ መጽሐፍ ላስተምራቸው ቈረጥሁ፤ የመረጥሁትም መጽሐፍ ለመካከለኛይቱ ክፍል የተጻፈው ነበረ፤ ለሁሉም ይስማማል ብዬ ስላሰብሁ ነው።

አንድ ሳምንት ሳይሞላ ታላቁ ሰለቸ፤ ታናሹም አለቀሰ። ሴቲቱ ልጄ ግን ዝም ብላ ትሠራ ነበርና መጽሐፉ ለእርሷ ልክ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ቆይቼ ሳስተውል ታላቅ ወንድሟ የሚመልሰውን ከአፉ እየተቀበለች ትደግም ነበር እንጂ ራሷ አታነብም ነበር። ክፍሏ ሦስተኛ ቢሆንም ንባቧ ከዚያ በታች ነበረ፤ ይህንንም እኔ አባቷ ሦስት ዓመት ሙሉ አላወቅሁም። የዚያች ልጅ ዝምታ ከታናሹ ልቅሶ ይልቅ ልቤን ነካው።

በዚያ ወራት ከእኔ ይልቅ እጅግ ሥራ የበዛበትን አንድ የአገራችንን ታላቅ ሰው፥ የሐረሩን ገዥ ራስ መኰንንን አሰብሁ። የእርሳቸውን ጦረኛነትና መልእክተኛነት ብዙ ሰዎች ጽፈውታል። እኔ ግን በዚህች ጽሑፍ ሕይወታቸውን የምተርከው፥ ሥራ የበዛበት አባት የልጆቹን ትምህርት እንዴት እንዳሰናዳ ለማሳየት ነው።

ራስ መኰንን በ1844 ዓ.ም. በሸዋ ተወለዱ። አባታቸው ደጃዝማች ወልደ ሚካኤል ነበሩ፤ እናታቸው ልዕልት ተናኘወርቅ ደግሞ የሸዋው ንጉሥ የሣህለ ሥላሴ ልጅ ነበሩ። ስለዚህ መኰንን ለዐፄ ምኒልክ የአክስት ልጅ ናቸው። ገና ብላቴና ሳሉ ወደ ምኒልክ ቤት ገብተው በዚያ አደጉ፤ በታማኝነታቸውና በብልሃታቸውም በንጉሡ ዘንድ ተወደዱ።

በ1879 ዓ.ም. ምኒልክ በጨለንቆ ድል አድርገው ሐረርን በያዙ ጊዜ፥ አገሩን እንዲያስተዳድሩ የሾሙት ይህን ዘመዳቸውን ነበር። ሐረር በግንብ የታጠረች፥ አምስት በሮች ያሏት፥ የእስልምና ሊቃውንት የበዙባት፥ ወደ ባሕር ለሚወርደውም ንግድ ደጃፍ የሆነች ጥንታዊት ከተማ ናት። ሐረሪውና ኦሮሞው፥ ሶማሌውና አማራው፥ አርመኑ፥ ግሪኩ፥ ሕንዱና ፈረንሳዩ ሁሉ በገበያዋ ይገናኙ ነበር። እንዲህ ያለችውን ከተማ መግዛት ብቻውን የአንድን ሰው ጊዜ ሁሉ ይፈጅ ነበር። ለመኰንን ግን ሥራቸው በዚያ አላበቃም። በ1881 ዓ.ም. መጨረሻ ከውጫሌ ውል በኋላ መልእክተኛ ሆነው ወደ ኢጣልያ ተላኩ፤ ሲመለሱም የራስነት ማዕረግ ተሰጣቸው።

ሐምሌ 16 ቀን 1884 ዓ.ም. ከሐረር ከተማ በማይርቀው በእጀርሳ ጎሮ ልጃቸው ተፈሪ ተወለደ። እናቱ ወይዘሮ የሺመቤት ዓሊ ነበሩ። ከወለዷቸው ልጆች የተረፈላቸው እርሱ ብቻ ነው። እርሳቸውም በ1886 ዓ.ም. በወሊድ ምክንያት ሞቱ፤ በዚያን ጊዜ ሕፃኑ ሁለት ዓመት አልሞላውም ነበር። ራስ መኰንን ይልማ የሚባል ሌላ ልጅ ነበራቸው፤ እርሱ ግን ከተፈሪ እጅግ ይበልጥ ስለ ነበረ ለፊደል የሚቀመጥበት ጊዜ አልፎ ነበር። ስለዚህ በዚያ ቤት አንዱ ወደ ጕልማስነት የደረሰ፥ ሁለተኛው ገና የሚዳክር ሁለት ወንድማማች ነበሩ ማለት ነው።

አንባቢ ሆይ፤ አሁን የአባትየውን ሥራና የሕፃኑን ዕድሜ ጎን ለጎን አድርገህ ተመልከት። ልጁ ሦስት ዓመት ተኩል ያህል ሲሆነው አባቱ በአምባላጌና በመቀሌ፥ በመጨረሻም የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ ሜዳ ላይ ነበሩ። አምስት ዓመት ሲሆነው ወደ ቤኒ ሻንጉል ዘመቱ። ስድስት ዓመት ሲሆነው በ1891 ዓ.ም. ራስ መንገሻን ለማስገበር ወደ ትግራይ ወጡ፤ በዚያም አገሩን እያስተዳደሩ ቆዩ። ዐሥረኛ ዓመቱን ሊፈጽም ሲቃረብ፥ በ1894 ዓ.ም.፥ ለእንግሊዙ ንጉሥ ለሰባተኛው ኤድዋርድ የዘውድ በዓል ወደ ለንደን ተላኩ። በዚያ ዘመን ይህ ጉዞ ሁሉ በበቅሎና በመርከብ ነበርና ከሐረር ወጥቶ መመለስ ወራት ይፈጅ ነበር። እንግዲህ ጊዜ የለኝም የማለት መብት ያለው አባት ከነበረ ራስ መኰንን ነበሩ።

ያደረጉት ግን ምንድር ነው? በቤት ሊቀመጡ እንደማይችሉ ዐወቁ፤ ይህንንም ዐውቀው እርሳቸው በማይኖሩበት ጊዜም ትምህርቱ የማይቋረጥበትን መንገድ አዘጋጁ። አስቀድሞ ለልጁ ባልንጀራ ሰጡት። የዘመዳቸው የደጃዝማች ኃይለ ሥላሴ አባይነህ ልጅ እምሩ የተወለደው በ1885 ዓ.ም. በኅዳር ወር ነበረ፤ ከተፈሪ የሚያንሰው በአራት ወር ብቻ ነው። ሁለቱ ብላቴኖች እንደ መንትያ ወንድማማች አብረው አደጉ፤ አብረውም ተማሩ። ዕድሜያቸውም እውቀታቸውም እኩል ስለ ነበረ አንድ መምህርና አንድ መጽሐፍ ለሁለቱ በቃ። አንዱ ሲታክተው ሁለተኛው ያበረታዋል፤ አንዱ ሲረሳ ሁለተኛው ያስታውሰዋል።

መማሪያውም በየደረጃው ነበረ። በዚያ ዘመን እንደ ነበረው እንደ መኳንንት ልጆች ልማድ አስቀድመው የአማርኛና የግዕዝ ንባብ ተማሩ። ይህ የአባቶቻችን ትምህርት ዛሬ ብዙ ሰዎች የናቁት ነገር ነው፤ ነገር ግን ልጅን በልኩ ስለማስተማር ከእርሱ የምንማረው አለ። ሕፃኑ ከሀ እስከ ፐ ፊደል ይቆጥራል፤ ያንን ሲፈጽም አቡጊዳ ይማራል፤ ቀጥሎም በመልእክተ ዮሐንስ ንባብ ይጀምራል፤ ወንጌልን አንብቦ ወደ ዳዊት ይሻገራል። ንባቡም ራሱ ደረጃ አለው፤ መጀመሪያ ፊደሉን አንድ በአንድ እየለየ ይቆጥራል፤ ከዚያ በግዕዝ ንባብ በዝግታ ያነባል፤ ከዚያ በውርድ ንባብ፤ በመጨረሻም በቁም ንባብ ሳይሰናከል ያነባል። የኔታ ከዛፉ ሥር ተቀምጠው ሳሉ ዙሪያቸውን የከበቡት ልጆች ሁሉ በአንድ ገጽ ላይ አይደሉም። አንዱ ሀሁ ሲል ሁለተኛው ወንጌል፥ ሦስተኛው ዳዊት ይላል። ዳዊት የደገመው ልጅም ፊደል ለሚቆጥረው ያስቆጥራል። ማንም ልጅ ዕድሜው ስንት ነው ተብሎ አይሻገርም፤ ያለፈውን አውቆታል ወይ ተብሎ ይሻገራል እንጂ። የተለያየ ዕድሜ ያላቸውን ልጆች በአንድ ቤት እንዴት ላስተምር ብሎ የሚጨነቅ ወላጅ እንግዲህ መልሱን ከሩቅ አገር መፈለግ አያስፈልገውም፤ በየደብሩ አጠገብ ለብዙ መቶ ዓመታት ሲሠራበት ኖሯል።

ብላቴኖቹ በአገራቸው ቋንቋ ማንበብና መጻፍ ካወቁ በኋላ ራስ መኰንን ወደሚቀጥለው ደረጃ አሳደጓቸው። አውሮጳን በዓይናቸው ያዩ ሰው ስለ ነበሩ የሚመጣው ዘመን የውጭ አገር ቋንቋ የሚፈልግ መሆኑን ተረድተው ነበር። በሐረር ባሠሩት ሆስፒታል ዶክተር ዮሴፍ ቪታልየን የሚባሉ፥ በፈረንሳይ ግዛት ካለችው ከጓዴሎፕ ደሴት የመጡ ሐኪም ነበሩ። ራስም ልጆቹን ፈረንሳይኛ እንዲያስተምሩላቸው ጠየቋቸው። ነገር ግን ሐኪም የበሽተኞቹ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ከልጆች ጋር ሊውል አይችልም። ደግሞም የባዕድ አገር ሰው የልጁን ቋንቋ ካላወቀ፥ ልጁ ያልገባውን ነገር ለማን ይጠይቃል? ስለዚህ በካቶሊክ ሚሲዮን የተማሩትን ኢትዮጵያዊውን አባ ሳሙኤል ወልደ ካህንን ጨመሩላቸው። ሐኪሙ ቋንቋውን ከምንጩ ይሰጣሉ፤ አባ ሳሙኤል ደግሞ ከልጆቹ ጋር እየዋሉ ያስረዳሉ፥ ያስጠናሉ። ራስ መኰንን ኦርቶዶክሳዊ ነበሩ፤ አስተማሪ ሲመርጡ ግን ይህ ሰው ከማን ወገን ነው ብለው ሳይሆን ይህ ልጅ አሁን የሚያስፈልገው ምንድር ነው ብለው መረጡ። ጠባዩ የተመሰከረለትና ልጅ የሚወድ መምህር መሆኑን ካወቁ በቂ ነበረ።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር ይህን ታሪክ ሁሉ የሚያከብድ ነው። በ1898 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ራስ መኰንን ተፈሪን ደጃዝማች ብለው ሾሙት፤ ዕድሜው ዐሥራ ሦስት ነበር። በጥር ወር ወደ አዲስ አበባ ለመሄድ ተነሥተው ሳሉ በመንገድ ታመሙ። ሊሻላቸውም ስላልቻለ ከዐድዋ በኋላ ለቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ወዳሠሩባት ወደ ቁልቢ ወሰዷቸው፤ በመጋቢት ወርም በዚያ ዐረፉ። ልጃቸውንም ለዐፄ ምኒልክ አደራ ሰጡ። ዕድሜያቸው ሃምሳ አራት ዓመት አልሞላም ነበር።

አንባቢ ሆይ፤ እስቲ በዚህ ጥቂት ቆም በል። ራስ መኰንን ጦርነቱ ሲያበቃ፥ አገሩ ሲረጋ፥ እኔም ሳርፍ ልጄን አስተምራለሁ ብለው ቢሆን ኖሮ ያ ቀን ባልመጣም ነበር። ከእናቱ ሞት እስከ አባቱ ሞት ድረስ የነበረው ጊዜ ዐሥራ ሁለት ዓመት ብቻ ነው፤ ከዚያም ውስጥ አባትየው ብዙውን በዘመቻና በመንገድ አሳለፉት። ነገር ግን ልጁ አባቱን በቀበረ ቀን ፊደሉን ዐውቆ፥ ዳዊቱን ደግሞ፥ የውጭ ቋንቋ ጀምሮ፥ የሚወደው መምህርና እንደ ወንድም የሆነ ባልንጀራ ነበረው። ሹመት ይሻራል፤ ርስት ይወሰዳል፤ ይህን ግን ማንም ሊወስድበት አልቻለም። የሐረር ግዛት ለጊዜው ለታላቅ ወንድሙ ለይልማ ተሰጠ፤ ይልማም ብዙ ሳይቆዩ በ1900 ዓ.ም. ሞቱ። ተፈሪ ግን ወደ አዲስ አበባ ሄዶ በምኒልክ ቤት ተቀመጠ፤ ዐፄ ምኒልክ ባቆሙት በአዲሱ ትምህርት ቤትም ትምህርቱን ቀጠለ።

የሁለቱ ብላቴኖች መጨረሻ በሁሉ ዘንድ የታወቀ ነው። ተፈሪ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው በ1923 ዓ.ም. ዘውድ ጫኑ፤ ከዚያም በፊት በ1917 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በራሳቸው ስም ተፈሪ መኰንን የተባለውን ትምህርት ቤት ከፍተው ነበር። እምሩ ራስ ተብለው በኢጣልያ ወረራ ዘመን ጦር መሩ፤ ተማርከውም በኢጣልያ በእስር ብዙ ዓመታት ተቀመጡ፤ በኋላም መሬታቸውን ለጭሰኞች የሰጡ መስፍን ተብለው ተመሰገኑ፤ በ1972 ዓ.ም. ዐረፉ። መምህራቸው አባ ሳሙኤል ግን በ1907 ዓ.ም. በሐረማያ ሐይቅ ላይ ጀልባ ሰጥማ ሞቱ፤ በዚያችው ጀልባ የነበሩት ደጃዝማች ተፈሪ ዳኑ። ተማሪያቸውም ከብዙ ዘመን በኋላ በጻፉት የሕይወት ታሪካቸው ይህን መምህር በምስጋና አነሡት። አንድ መምህር፥ አንድ መጽሐፍ፥ አንድ ገበታ ነበራቸው፤ የወጡት ግን ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ትምህርት ልጆችን አንድ ዓይነት የሚያደርግ መስሎት የሚያስተምር ወላጅ ይህን ይመልከት።

እውነትን ላለመሸሸግ ግን ይህን ደግሞ ልጨምር። በራስ መኰንን ቤት መምህር የተቀጠረላቸው የመኳንንት ወንዶች ልጆች ነበሩ። በዚያው ግቢ ውኃ የሚቀዱና እንጨት የሚለቅሙ ልጆች፥ ሴቶች ልጆችም፥ ያ ዕድል አልደረሳቸውም። ይህ የዘመኑ ሁሉ ልማድ ነበረ፤ እኛ ግን መልካሙን ስንከተል ጉድለቱን ልንከተል አይገባንም። ዛሬ በቤትህ የምታገለግል የሰው ልጅ ካለች፥ እርሷም በገበታው ዙሪያ ቦታዋን ታግኝ።

ምናልባት አንድ አንባቢ፥ ራስ መኰንን ባለጸጋ ስለ ነበሩ ሐኪምና ካህን ማዘዝ ይቻላቸው ነበር፤ እኔ ግን የወር ደመወዜ ለቤት ኪራይና ለታክሲ የማይበቃ ሰው ነኝ ይል ይሆናል። ይህ ሙግት እውነት አለበት። ስለዚህ አስተማሪ መቅጠር ያልቻለች፥ በራሷ እጅ ብቻ ያስተማረች የአንዲት ድኻ እናት ታሪክ በአጭሩ ልጨምር። ይህች ሴት በእንግሊዝ አገር ኤፕዎርዝ በምትባል መንደር የነበረች የቄስ ሚስት ሱዛና ዌስሊ ናት፤ በ1669 ተወልዳ በ1742 እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ሞተች። ዐሥራ ዘጠኝ ልጆች ወለደች፤ ብዙዎቹ በሕፃንነታቸው ሞቱባት። ባሏ በዕዳ ይጨነቅ ነበር፤ ቤታቸውም በ1709 ተቃጠለ። ከዚህ ሁሉ ጋር በቤቷ ትምህርት ቤት አቆመች፤ ከጧት ሦስት ሰዓት እስከ ቀትር፥ ከቀትርም በኋላ ከስምንት እስከ ዐሥራ አንድ ሰዓት ልጆቿን ታስተምር ነበር።

የዚህች እናት ልማድ አንድ ልጅ አምስት ዓመት እስኪሞላው ድረስ ፊደል አለማስቆጠር ነበረ። አምስት ሲሞላው ግን በማግሥቱ ትጀምርለታለች። አብዛኞቹ ልጆቿ በአንድ ቀን ፊደሉን ሁሉ ለዩ። ሁለት ሴቶች ልጆች፥ ሞሊና ናንሲ፥ አንድ ቀን ተኩል ፈጀባቸውና እናታቸው ደካሞች መሰሏት። የመጨረሻይቱን ልጅ ኬዚን ግን ባሏ ስለ ወደደ ከአምስት ዓመት በፊት አስጀመረቻት፤ ያችም ሌሎቹ በወራት የተማሩትን ለመማር ዓመታት ፈጀባት። ልጁ ለትምህርቱ ሳይደርስ መጀመር ጊዜ የሚያተርፍ ይመስላል፤ ነገር ግን ጊዜን ያጠፋል። ሱዛና ከሁሉም ጋር የወል ትምህርት ካደረገች በኋላ፥ በሳምንቱ ውስጥ ለእያንዳንዱ ልጅ ብቻውን የሚነጋገራት አንድ ማታ መደበችለት። የሐሙስ ማታ የዮሐንስ ነበረ፤ ይህም ዮሐንስ በኋላ የሜቶዲስት ማኅበርን የመሠረተው ጆን ዌስሊ ነው። ጐልማሳ ከሆነ በኋላም ያንን የሐሙስ ማታ ይናፍቅ ነበር።

እንግዲህ ከሐረሩ መስፍንና ከኤፕዎርዟ እናት የተማርሁትን፥ በራሴም ገበታ ላይ የሞከርሁትን፥ ለሰበታ ለቡራዩና ለሱሉልታ ወላጆች፥ ይህን ለሚያነብም ሁሉ እነሆ እጽፋለሁ።

አንደኛ፤ ልጁን በደረሰበት አስቀምጠው። በመጽሐፉ ሽፋን ላይ የተጻፈው የክፍል ቍጥር ለሕዝብ ሁሉ በግምት የተጻፈ ነው፤ የአንተን ልጅ አያውቀውም። መጽሐፉን ከመካከሉ ገልጠህ አንድ ገጽ ጮክ ብሎ ያንብብልህ። በዚያ ገጽ ከአምስት ቃል በላይ የሚያሰናክለው ከሆነ መጽሐፉ ከብዶታልና ወደሚያንሰው ውረድ። ሳይሰናከል አንብቦ ያነበበውንም በራሱ ቃል ከነገረህ ወደሚቀጥለው አሳድገው። ደግሞም አንድ ልጅ በንባብ ዝቅ ብሎ በሒሳብ ከፍ ሊል ይችላልና ሁሉን በአንድ ሚዛን አትመዝን።

ሁለተኛ፤ አብሮ የሚሆነውን አብረህ፥ የሚለየውን ለይተህ አስተምር። ተፈሪና እምሩ በአንድነት የተማሩት እኩል ስለ ነበሩ ነው፤ ከይልማ ጋር ግን በአንድ ፊደል ላይ አልተቀመጡም። ታሪክን፥ የአገርን ካርታ፥ የአትክልትንና የእንስሳን ነገር፥ መዝሙርንም ሁሉም ልጆች አብረው ሊማሩት ይችላሉ፤ ታናሹ በሥዕል፥ ታላቁ በጽሕፈት ይመልሰዋል። ንባብና ሒሳብ ግን እንደ ደረጃ መሰላል ናቸው፤ አንዱን እርከን ሳይረግጡ ወደ ላይኛው መዝለል ያወድቃል። እነዚህን ሁለቱን ለየልጁ ለየብቻ አድርግ።

ሦስተኛ፤ ጥቂት ጊዜ ቢሆንም የታወቀ ይሁን። ቅዳሜ አራት ሰዓት ሙሉ ከማስተማር በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ይሻላል። ማለዳ የምትወጣ ከሆነ ማታ ከእራት በፊት፥ ማታ የምታመሽ ከሆነ ጎሕ ሲቀድ ይሁን። አንተ ከአንዱ ጋር ስታነብ ሌላው የጽሕፈት ሥራውን ይሥራ፤ በየኔታ ቤት እንደ ነበረውም ታላቁ ታናሹን ያስቆጥር። የሚያስተምር ልጅ ሁለት ጊዜ ይማራልና ይህ በታላቁ ላይ ግፍ አይደለም፤ ነገር ግን የራሱ ትምህርት እስኪጐድል ድረስ አታሠራው፤ አባትነት የአንተ ነው እንጂ የእርሱ አይደለም።

አራተኛ፤ ካልቻልህ ረዳት ፈልግ፥ ኀላፊነቱን ግን አትስጥ። አያት፥ አክስት፥ ከጎረቤት አንድ የተማረ ወጣት፥ አባ ሳሙኤል ለራስ መኰንን እንደ ነበሩት ሊሆኑልህ ይችላሉ። አንቺም እኅቴ፥ ጉሊት ውለሽ የምትገቢ ብትሆኚ፥ ራስሽም ማንበብ ባትማሪ እንኳ፥ ልጅሽ በየማታው ያነበበውን እንዲተርክልሽ ልታደርጊ ትችያለሽ። የሚሰማው እናት ያለው ልጅ ለማንበብ ምክንያት አለው።

አምስተኛ፤ ወንድማማቾችን አታወዳድር። የወንድምህን ያህል አታውቅም የሚል ቃል ሰነፉን ትጉህ አያደርገውም፤ የማያውቀውን እንዲደብቅ ብቻ ያስተምረዋል። የእኔ ልጅ ዝምታዋን ከዚህ ነበር የተማረችው፤ ያን ቃል ደጋግሜ የተናገርሁት እኔ ነበርሁና።

የዚያችን ልጅ ነገር ፈጽሜ ላብቃ። የሦስተኛውን ክፍል መጽሐፍ ከፊቷ አንሥቼ፥ ዝቅ ያለውን ሰጠኋት። መጀመሪያ አፍራ አለቀሰች። እኔም ከእርሷ ጋር ለብቻችን ተቀምጬ፥ የተሳሳትሁት እኔ እንደ ሆንሁ እንጂ እርሷ እንዳልሆነች ነገርኋት፤ ይቅርታም ለመንኋት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየማታው፥ ወንድሞቿ በሌሉበት፥ ግማሽ ሰዓት የእርሷ ሆነ። ክረምቱ ሳይገባ ያንን መጽሐፍ ጨርሳ የተወሰደባትን ራሷ ከመደርደሪያው አውርዳ አመጣችው። ታናሽ ወንድሟን ፊደል የምታስቆጥረውም እርሷ ሆነች፤ ሲሳሳትም አትቈጣውም።

ወንድሜ ሆይ፤ ሥራህ ነገም አያልቅም። የራስ መኰንን ሥራም በሞቱ ቀን አላለቀም ነበር። እርሳቸው ወደ ቁልቢ ሲወሰዱ የልጃቸው ትምህርት ግን በየደረጃው ተጀምሮ ነበር፤ የቀረውንም ልጁ ራሱ ሊቀጥለው ይችል ነበር። እኛም ጊዜ ሳለን፥ ልጆቻችንን በደረሱበት ስፍራ አግኝተን፥ እጃቸውን ይዘን አንድ እርከን እናውጣቸው። ልጆችን የሰጠን አምላክ ለዚህ የሚበቃ ትዕግሥትና ማስተዋል ይስጠን፤ አሜን።